የእምዬ ሂሳብ

አያቴ ስንት ዓመት እንደኖረች በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የልደት ዘመን በሚለው ቦታ 1915 ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው መዝገብ ፊት የተቀመጠ ጎረምሳ ነው። «እማማ፣ መቼ ተወለዱ?» ሲላት «ጣሊያን ሲገባ በግ እጠብቅ ነበር» አለችው፤ እሱም የመሰለውን ሞላ። እናቴ ይህን ቁጥር ተቀብላው አታውቅም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው፤ በግ የሚያስጠብቁት ደግሞ የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ስለዚህ 1920 ላይ ብትወለድ ነው ትላለች። እምዬ ራሷ ክርክሩ ሰልችቷት ነበር። «ብትቆጥሩት አይጨምር፣ ባትቆጥሩት አይቀንስ» ብላ ትዘጋዋለች።

እኔ በእናቴ ስሌት ነው የምሄደው። ግንቦት 2012 ላይ ስናጣት ዘጠና ሁለት ዓመቷ ገደማ ነበር ማለት ነው።

የመንዝ ልጅ ናት። ስለ ልጅነቷ ስትጠየቅ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምታወራው፤ ብርዱንና ባናውን፣ ያን ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ወፍራም ልብስ። የበግ ጠጉር እንዴት እንደሚፈተል እናቷ ነች ያስተማረቻት፤ እጇ እንዝርት የለመደው ማንኪያ ሳይለምድ ነው። በአሥራ ሁለት ይሁን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተዳረች። ስለዚያ ባሏ ዕድሜዋን ሙሉ ከአፏ የሰማሁት አንድ ነገር ነው። «ሰውየው ደግ ነበር። ቤቱ ጠበበኝ።»

ልጅ ሳለሁ ይህ መልስ አይጥመኝም ነበር። ደብድቧት ይሆናል፣ ደብቃን ይሆናል እያልኩ ብዙ ጊዜ ወትውቻታለሁ። አንድ ቀን ተቆጣችኝ፤ «ሴት ካልተመታች መውጣት አትችልም ያለሽ ማነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም።

በሰማንያ ውል ነበር የተጋቡት። ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረታቸውን አካፈላቸው፤ ድርሻዋ ሰባት በግና ሁለት ባና ሆነ። በጎቹን ደብረ ብርሃን ገበያ ሸጠቻቸው። አንዱን ባና ለእናቷ ትታ ሌላውን ተከናንባ አዲስ አበባ በምትሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ «መቶውን ኪሎ ሜትር ስታስመልሰኝ ነው የመጣችው» ትላለች ስለ መኪናዋ። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላት ነው።

ያረፈችው ሽሮ ሜዳ ነው። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ግራና ቀኝ የተሰቀለውን የሀበሻ ልብስ ነው፤ ያን ጊዜም ሸማኔው እዚያው ነበር፣ ሸማኔ ባለበት ደግሞ ፈታይ ሥራ አታጣም። ከጠጉር ወደ ጥጥ ተሻገረች። የጥጥ ክር ቀጭን ነው፤ የጠጉር የለመደ እጅ ይበጥሰዋል። አንድ ወር ሙሉ ስትበጥስ ከረመች። ከዚያ በኋላ ግን የእሷ ማግ ከሌላው ሴት ማግ በሳንቲም በልጦ ይሸጥ እንደነበር ሳታጋንን አትነግርም።

ሁለተኛው ሰው የእናቴ አባት ነው። ክብር ዘበኛ ነበር፤ በ1943 ዓ.ም ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ ተመልሷል። ከዚያ ያመጣው አንድ ወፍራም የወታደር ብርድ ልብስ እምዬ አልጋ ላይ እስከ መጨረሻዋ ነበር፤ ከእሱ የቀረን ሌላ ነገር የለም። ታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ከሰፈራችን ቁልቁል፣ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አካባቢ ያን ሁሉ ተኩስ ሲያወርዱት እናቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አልጋ ሥር ከወንድሟ ጋር እንደተኛች ታስታውሳለች። አያቴ የነበረው ሰውዬ በታኅሣሥ 4 ጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ ታሰረ ያለ የለም። ሬሳ ስላልተገኘ እዝን መቀመጥ አልቻለችም፤ መምጣቱንም መጠበቅ አልቻለችም፣ ሁለት ልጅ አለ። ሳምንት አልሞላትም፣ አንድ ጋንና ሁለት እንስራ ገዛች።

ስለ ጠላው ትንሽ ልቆይ፤ ያደግኩት በሽታው ውስጥ ነው።

«ጠላ ከጋን እጥበት ይጀምራል» ትላለች። ግራዋ ቅጠል ይዛ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጋኑ ውስጥ ከታ ስታሸው፣ እያጉረመረመች ስለሆነ ድምጿ ከውስጥ እንደ ዋሻ ያስተጋባል። ከዚያ ወይራ ታጨሳለች፤ ጋኑ አፉን ተደፍቶ ጭሱን ይጠጣል። የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ይጠነሰስና ሁለት ሦስት ቀን ይከርማል፤ ብቅሉ ይገባበታል። እኛ ልጆቹ የምንጠብቀው የእንኩሮውን ቀን ነበር። የገብሱን ዱቄት በውሃ ለውሳ ምጣዱ ላይ እያገላበጠች ስታንኮረው ሽታው ግቢውን አልፎ መንገድ ይወጣል። ከምጣዱ ዳር ትኩሱን እየቆነጠርን ስንሰርቅ በእንጨት እጃችንን ትመታለች፤ ሁለት ቁራሽ ደግሞ አውቃ ዳር ላይ ትተዋለች። ድፍድፉ ላይ ውሃው ከተጨመረ በኋላ የጋኑን አፍ በጨርቅ አስራ ትመርገዋለች። ማታ ሁላችንም ስንተኛ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ታዳምጠዋለች። «ገና ያወራል» ካለች አይከፈትም። «ዝም ብሏል» ካለች በማግስቱ ጠዋት በር ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች።

ከዚያ ጋን የሚወድቅ ነገር የለም። ጉሹን የሚወድ አለ፣ የጠለለውን የሚወድ አለ። መጨረሻ ላይ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቅራሪ ለእኛና ኪሱ ለደረቀ ሰው ነው። አተላውን ላም ያላቸው ሰዎች ይወስዱታል፤ እሱም ገንዘብ ነው።

ቤቷ ሕግ ነበረው። ጣሳውን ስትሰጥህ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች። መሳደብ የለም። የሰውን ሚስት ስም ማንሳት የለም። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን የበሩ ጣሳ ከእንጨቱ ላይ ይወርዳል፤ የቱንም ያህል የከበረ ሰው ቢመጣ አይሰቀልም። ይህን ሁሉ ያደረገችው ባሏ የሌለ ሴት ጠላ ስትሸጥ ሰው የሚያስበውን ስለምታውቅ ነው። ያም ሆኖ እናቴ ትምህርት ቤት «የጠላ ሻጭ ልጅ» ተብላ ነው ያደገችው። እናቴ ዛሬም ድረስ ጠላ አትጠጣም።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ።

እምዬ ማንበብ አትችልም ነበር፤ የሚጠጡት ሸማኔዎች ደግሞ ሸማቸውን ሳይሸጡ ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ ዱቤ ነው። የዱቤ መዝገቧ የበሩ ጀርባ ላይ ያለው ግድግዳ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ምልክት አለው፤ ለሸማኔው መወርወሪያ፣ ለሾፌሩ ጎማ፣ ለደብተራው መቋሚያ፣ አንድ ሁልጊዜ የሚያለቅስ ሰው ነበረ፣ ለእሱ ዓይን። ሸማኔው ብዙ ስለሆነ መወርወሪያው ጅራት ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ ሁለት ነጠብጣብ ያለው እየተባለ ይለያል። ከምልክቱ ሥር በከሰል የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ይደረደራሉ፤ አንድ ጣሳ አንድ መስመር። ሲከፈል በአግድም ይሰረዛል። በሩ ሲከፈት ይሸፈናል፣ ሲዘጋ ይታያል፤ በሩ የሚዘጋው ደግሞ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው።

በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን፣ እንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ኖራ በጥብጣ ያን ግድግዳ ትቀባዋለች። የተከፈለውም ያልተከፈለውም አብሮ ይጠፋል። «እዳ ዓመት አይሻገርም» ነው ቃሏ። ይህን ሳወራ ሰው ቅድስት ያስመስላታል፤ ስለዚህ ሌላውንም ልናገር። ዓመት ጠብቆ፣ ነሐሴ ላይ ጠጥቶ፣ እዳው በኖራ ሲጠፋለት መስከረም ላይ የሚመጣ አንድ ሰው ነበረ። ሁለት ዓመት ታገሰችው። በሦስተኛው ቤት ሙሉ ሰው ፊት «የእርስዎ አዲስ ዓመት መቼ ነው የሚገባው?» አለችው። ሰውዬው ሰፈሩን ለቀቀ ይባላል። እሷ ስታስታውሰው ትስቃለች፤ እኔ ብዙም አያስቀኝም።

1967 ዓ.ም በአንድ እጁ ሰጥቷት በሌላው የወሰደባት ዓመት ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። መንዝ ውስጥ ከአባቷ የወረሰችው ርስት ነበራት፤ ወንድሟ ያርሰውና በየዓመቱ ድርሻዋን ገብስ ይልክላት ነበር፤ የጠላዋ ገብስ እሱ ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ ርስት የሚባል ነገር ቀረ፣ ገብሱም ቀረ። በሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። የተከራየችው ክፍል የመንግሥት ሆነ፤ በወር 12 ብር የነበረው ኪራይ 6 ብር ገባ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆና ኖረች።

አከራይዋ በዕድሜ የገፉ ባልቴት ነበሩ። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ አራት ክፍል አከራይተው በዚያ ነው የሚኖሩት። በአንድ አዋጅ ሦስቱ ሄዱ። ግቢው ውስጥ ያሉት ተከራዮች ሰልፍ ወጥተው ጨፍረዋል፤ እምዬም ወጥታለች፣ ጨፍራለችም፣ አልካደችም። ግን በወሩ መጨረሻ 6 ብሩን ለቀበሌ ከፍላ፣ በቀረላት 6 ብር ልክ ሽሮና በርበሬ ገዝታ ባልቴቲቱ በር ላይ አስቀመጠች። እሳቸው እስኪሞቱ አላቋረጠችም። እናቴ ያኔ ወጣት አስተማሪ ናት፤ «መሬት ላራሹ» ብላ የጮኸች ናት፤ «እማ፣ እሳቸውኮ በዝባዥ ናቸው» አለቻት። «ይሁኑ» አለች እምዬ፤ «እኔ አሥራ አራት ዓመት በ12 ብር ተስማምቼ ነው የገባሁት። ያስማማኝ መንግሥት አይደለም።»

ትክክል ነበረች ወይስ አልነበረችም? አላውቅም። አዋጁ ብዙ ድሃ ከመባረር አድኗል፤ እሷንም ጭምር። እሷ ግን ስጦታም ቢሆን ከየት እንደመጣ ካላየች ሆዷ አይገባም ነበር።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌው ጠራት። ሃምሳ ዓመቷ ነው። ቀን ትጠምቃለች፣ ማታ ደብተር ይዛ ትሄዳለች። ያ ዘመቻ በኋላ በዩኔስኮ በኩል ተሸልሟል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ማስረጃው እምዬ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዳዊት ስትደግም አያታለሁ፣ ጣቷን ከቃል ቃል እየጎተተች። አውራ ጣቷን በቀለም መንከር አቆመች፤ ስሟን ትፈርማለች። የበሩን ጀርባ ግን አልቀየረችውም። መወርወሪያው መወርወሪያ፣ ዓይኑም ዓይን እንደሆነ ቀጠለ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ለምን በፊደል አትጽፊውም አልኳት።

«ፊደልማ ሁሉ ያነበዋል» አለችኝ።

እናቴ ከእሷ ጋር የነበራት ነገር ከባድ ነው፤ ስለ እምዬ ሳወራ ብዙ ጊዜ ይህን እዘለዋለሁ፣ ዛሬ አልዘለውም።

እናቴ አስተማሪ ሆና የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ለእናቷ ጃንጥላ ገዛች። ጥቁር፣ የእንጨት እጀታ ያለው። ቤት ይዛ ስትገባ እምዬ ዘረጋችው፣ አጠፈችው፣ እጀታውን በነጠላዋ ወለወለችው። ከዚያ «ስንት ነው?» አለች። እናቴ የአድናቆት መስሏት ዋጋውን ነገረቻት። ከሦስት ቀን በኋላ እምዬ ከመቀነቷ ፈትታ የዋጋውን ሲሶ እጇ ላይ አስቀመጠች። የቀረውን በሁለት ወር ከፈለች። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ስልሳ ዓመት አልፏት ነበር፤ ድምጿ ግን የሃያ ዓመት ሴት ድምፅ ነበር። «አልቅሼ ለመንኳት፤ የእኔ ገንዘብ ምን ሆነ ነው የማይበላው?» አለች። ጃንጥላው አርባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ጨርቁ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። አንድ ቀንም ቢሆን «ልጄ ገዝታልኝ» ስትል ሰምተናት አናውቅም።

ሌላም አለ። አባቴ ጥሎን ሲሄድ እናቴ እኔን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። እምዬ ሳምንት ሙሉ ምንም አላለችም። ቡና አፈላች፣ አበላቻት፣ እኔን አዝላ ዞረች። በስምንተኛው ቀን ጠዋት አንድ ባዶ እንስራ እናቴ ፊት አስቀምጣ «ውሃ የለም» አለቻት። በቃ። እናቴ እንስራውን አዝላ ቦኖ ስትወርድ መንገዱን ሙሉ ስትረግማት እንደነበር ነግራኛለች። «ያዳነችኝ እሱ ነው ይሉኛል ሰዎች» ትላለች እናቴ። «ምናልባት። ግን አንድ ሳምንት ብትጨምርልኝ እሞት ነበር?»

በየዓመቱ ማርች 8 ሲመጣ ፌስቡክ ላይ የአያቶቻችንን ፎቶ እየለጠፍን «ጠንካራ ሴት» እንላለን። እኔም ብያለሁ። አሁን ቃሉ ይከብደኛል። ጠንካራ ያልነው ሰው መጠየቅ ይቀርበታል፤ ደክሞሻል ወይ የሚላት የለም። በእምዬ ወጣትነት ዘመን የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይል ነበር፤ ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ አለቃ የሌለው ቤት የመራች ሴት ጠንካራ ካልሆነች ምን ልትሆን ትችላለች? ሌላ ምርጫ የሰጣት አልነበረም።

ደግሞም ብቻዋን አልነበረችም፤ ይህን ለማየት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። «የሰው ፊት እሳት ነው» እያለች ያሳደገችን ሴት ሕይወቷን በሙሉ በሰው መሃል ነው የኖረችው። የሳምንት እቁብ ነበራት፤ ዘጠኝ ሴቶች፣ ሁሉም እንደ እሷ ጠላ ወይም አረቄ ወይም እንጀራ ሻጮች። አዲስ ጋን የሚገዛው በእቁብ ነው፤ የእናቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ልብስና ሻንጣ የተገዛው በእቁብ ነው። እጣ ሲወጣ ደግሞ ሁልጊዜ እጣው አይከበርም፤ አንዷ ልጇ ከታመመባት የወጣላት ሴት «አንቺ ውሰጂው» ትላታለች፣ በሌላ ሳምንት ይካካሳል። የማርያም ጽዋ ነበራት። የሰፈሩ እድር ውስጥ ከስልሳ ዓመት በላይ ከፍላለች፤ አንድ ወር አልዘለለችም። እነዚህን ሁሉ እንደ መቀበል አትቆጥራቸውም። ሰጥታ የምትቀበለው ስለሆነ አንገቷን አያስደፋትም። እናቴ የሰጠቻት ግን መመለሻ የሌለው ነገር ነው፤ የልጅ ፍቅር ተመን የለውም። ያ ይመስለኛል ያስፈራት።

ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ ጋን ማንሳት አልቻለችም። ጠላውን ተወችና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች። በር ላይ ዱካ አውጥታ፣ ባዘቶውን በግራ እጇ ጠቅልላ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ፈትለግ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ክሩ እየረዘመ እንዝርቱ መሬት ሊነካ ሲል ትይዘዋለች። ዓይኗ ደክሞ ክሩን አታየውም፤ ጣቷ ነው የሚያየው። ልቃቂቱን የሚገዟት ሸማኔዎች የድሮ ደንበኞቿ ልጆች ነበሩ። ዘጠና ዓመቷ ላይ የመብራትና የውሃ የምትከፍለው በዚያ ገንዘብ ነው። አጎቴ ከዋሽንግተን ብር ሲልክላት ባንክ አስገብታ አትነካውም ነበር።

እናቴ ጀሞ የኮንዶሚኒየም እጣ ሲወጣላት እንድትመጣ ለመነቻት። አራተኛ ፎቅ ነው። ልታይ ሄደች፤ ደረጃውን አራት ጊዜ አርፋ ወጣችው፣ በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። «ቤቱስ ደህና ነው» አለች፤ «ግን ስሞት በየት በኩል ነው የምታወርዱኝ?» ሳቅን። እሷ አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር። በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ተመለሰች።

በመጨረሻው ዓመት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሁለት ታክሲ እየመጣች አጥባ፣ አልብሳ፣ አብልታ ትሄዳለች። እምዬ መብላቱን እሺ አለች፤ መጉረሱን ግን እምቢ። ቁራሹን ራሷ ይዛ ግማሹን ነጠላዋ ላይ ታፈሰዋለች። አንድ ቀን ጥር ላይ እዚያው ነበርኩ። ዶሮ ነው፣ የማርያም ቀን። እናቴ ጠቅልላ አፏ አጠገብ አደረሰችው፤ ዝም ብላ ያዘችው፤ አልገፋችባትም፣ አልመለሰችውም። እምዬ እጁን አየችው፣ ከዚያ ልጇን አየቻት፣ አፏን ከፈተች። ስታኝክ ቆይታ፣ ውጣ፣ «ጨው አንሶታል» አለች። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

ግንቦት ውስጥ ሞተች። ጊዜው የኮሮና ነው፤ ሰው እንዳይሰበሰብ አዋጅ ወጥቷል። ለስልሳ ዓመት እድር የከፈለች ሴት ድንኳን አልተተከለላትም። የቀበርናት በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን፣ አፋችን በጭምብል ታስሮ፤ አጎቴ በስልክ እያየ። በጣም ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የእድሩ ሴቶች ግን በማግስቱ ጀመሩ። በአንድ ጊዜ አንዲት ብቻ ትመጣለች፣ በር ላይ በርቀት ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ያመጣችውን ድስት ደጃፍ ትታ ትሄዳለች። ማን በየትኛው ቀን እንደምትመጣ ተራ ይዘው ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ እሳት ማንደድ አላስፈለገንም።

የቀበሌ ቤት ስለሆነ ለወረዳው መመለስ አለበት። እናቴ «ቆሽሾ አይሰጥም» አለች፤ ኖራ የሚቀባ አንድ ልጅ ቀጠርን። ጋኖቹን ለሚፈልጉ ሰጠን። ልጁ የበሩን ጀርባ ከጨረሰ በኋላ ወደ መኝታው ክፍል ገባ። ቁም ሳጥኑን ሦስት ሆነን ጎተትነው፤ ከዚያ ቦታ ተነቃንቆ አያውቅም፤ ከጀርባው ግን ሰው በጎኑ የሚያስገባ ክፍተት ነበር።

ከጀርባው ያለው ግድግዳ በከሰል ተሞልቷል። በብዙ ምልክት አይደለም፣ በአንድ ብቻ። አናቱ ላይ ጃንጥላ አለ፤ ክፈፉ ሁሉ ሳይቀር ተስሏል፣ እጀታው ጎብጧል። ከሥሩ መስመር፣ መስመር፣ መስመር። ከላይ ያሉት ደብዝዘው ወደ ግራጫ ሄደዋል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ይጠቁራሉ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት እንደ ቅንድብ የተንቀጠቀጡ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል በአግድም ተሰርዘዋል። በምን እንደከፈለችው ግራ ገባኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ በየዓመቱ የእናቴ ነጠላ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ጫማ፣ «እቁብ ወጣልኝ» እያለች የምታመጣው ዘይትና ጤፍ።

እናቴ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገችው። ጎንበስ ብላ ከታች ያሉትን በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«አራት ቀርቷታል» አለች።

ልጁ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ቆሟል። «ይህቺን ግድግዳ ልዝለላት እትዬ?»

እናቴ ቀና አለች። «ዛሬ ጳጉሜ ስንት ነው?»

«አምስት።»

«ቀባው» አለችው።